የደግ ቀን ጨርቅ

አሜሪካኖች አንድ ሙያ አላቸው። አዲስ ጨርቅ ከሱቅ ይገዛሉ፤ ያጥቡታል፣ ይተኩሱታል፣ ከዚያ በማስመሪያ እየለኩ ትንንሽ አድርገው ይቆራርጡታል፤ ሲያበቁም መልሰው ይሰፉታል። ይህን የሚያደርጉት ነገር የዞረባቸው ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ልጅ ያሳደጉ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ተሰፍቶ ሲያልቅ ኩዊልት ይባላል። አልጋ ላይ ይነጠፋል፤ ካማረ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ሲሞት ልጆች ይካፈሉታል፤ አንዳንዴም ይካሰሱበታል።

አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ፣ ሶፋው ላይ ከተጣሉት አንዱን አንስተው ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጠው አዩት። «ድሪቶ እኮ ነው!» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እዚያ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ደልቷታል እያልኩ ነው የማወራው። ችግር ካለ ለምን አትነግሪኝም?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ምንም ችግር እንደሌለ፣ እንዲያውም ለዚያ ድሪቶ የወጣው ገንዘብ ሁለት ደህና ብርድ ልብስ እንደሚገዛ ብትነግራቸው ባሰባቸው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ምድር ቤት አለው። በውሉ ላይ የሁለታችን ነው፤ በተግባር ግን የጨርቁ ነው። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ሰማያዊ ለብቻ፣ ቀይ ለብቻ፣ «ሌላ» የሚል የተጻፈበት ደግሞ ለብቻ። «ሌላ» ከሁሉም ይበዛል። እዚያ ውስጥ የመጀመሪያው አፓርታማችን መጋረጃ አለ። ልጃችን በአራስነቷ የለበሰችው ፒጃማ አለ። ከተቀደደ ነጠላ ላይ የተፈታ ጥለት፣ የሟች አክስቷ የአበባ ሽርጥ፣ የማን እንደሆነ ማንም የማያስታውሰው ቡራቡሬ ፖፕሊን፣ ሁሉም አለ። ያበደ ሰው ጨርቁን ጣለ ይባላል፤ ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን አንዲት እራፊ ስትጥል አይቻት ስለማላውቅ በጤንነቷ በኩል ስጋት የለብኝም።

ጨርቁ ሁሉ አሮጌ አይደለም። ለዚህ ሙያ ብቻ የተከፈቱ ሱቆች አሉ፤ አንዳንዶቹማ በር አጠገብ ለባሎች ማረፊያ ወንበር አዘጋጅተዋል። የጣቃውን ብዛት አይቶ የሚፈራ ደንበኛ እንዳይመለስ፣ ፋት ኳርተር የሚሉት 18 በ22 ኢንች የሆነ ቁራጭ ተጣጥፎ በሪባን ታስሮ በየቅርጫቱ ይቀመጣል። ቀሚስ አይወጣውም፣ ሸሚዝ አይወጣውም፤ ዋጋው ግን ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይርቅም። ተንኮሉ እሱ ላይ ነው። አንድ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ማኅበርም አላቸው። ጽዋ የለውም እንጂ በሌላው ነገር ሁሉ ማኅበር ነው፤ በተራ ኩኪስ ይመጣል፣ ያልመጣ ሰው ይታማል። የባለቤቴ ማኅበር የሚሰበሰበው በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሲሆን፣ አለቃዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። አንዲት አባል ስትሞት ልጆቿ ጨርቋን በመኪና ጭነው ያመጡና አባላቱ ይካፈሉታል። ጅምር ብሎክ ከተገኘ ደግሞ፣ ብሎክ የሚባለው ኩዊልቱ የሚገጣጠምበት አንድ አራት ማዕዘን ነው፣ አንዷ ትወስድና ትጨርሰዋለች። ተዝካር አውጥተው የጨረሱ ያህል ነው የሚቆጥሩት። ይህ ባህል በጣም ደስ ይለኛል። የማያስደስተኝ፣ የሟች ጨርቅ ወደ እኛ ምድር ቤት በመጣ ቁጥር የእኔ መሰላልና የእኔ መዶሻ አንድ እርምጃ ወደ ጓሮ መገፋታቸው ነው።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል ጅምር የሌላት የለችም። መጀመር ደስ ይላል፤ ቀለም ከቀለም ማማረጥ ነው። መሀሉም አይከፋም። መጨረሱ ላይ ግን ሁሉም ሌላ ነገር ትዝ ይላቸዋል። ሰዎች የተጠራቀመውን ጨርቅ ሲያዩ አስቀማጩን ስስታም ይላሉ፤ አልገባቸውም። ስስታም የሚያስቀምጠው ለክፉ ቀን ነው። ባለቤቴ የምታስቀምጠው ለደግ ቀን ነው። ክፉ ቀን ሳይጠሩት ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣም መሆኑ ይታወቃል። ደግ ቀን ግን «ዛሬ ነው» የሚል ደፋር ካልተገኘ በሩ ላይ ቆሞ ያልፋል። ያችን የምታምር ጨርቅ ከቆረጧት በኋላ የተሻለ ቀን ቢመጣስ? ለዚህ ነው እኛ ቤት የጠረጴዛ ጨርቅ እንኳ ከገና ወደ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ወደ ምርቃት ሲተላለፍ የሚኖረው።

ወደ ድሪቶው ልመለስ። አማቴ ነገሩን ስላልተቀበሉት ባለቤቴ ማስረጃ ማቅረብ ጀመረች። አላባማ ግዛት ውስጥ የአላባማ ወንዝ ዞሮ ዞሮ ሊከበው ምንም ያልቀረው ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በዚያው ቦታ በባርነት ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ብርዱ በቤታቸው ሳንቃ መሀል ስለሚገባ ሴቶቹ ያለቀ የሥራ ልብስ፣ ጂንስ፣ የተገኘውን ሁሉ እየቀጣጠሉ መደረቢያ ይሠሩ ነበር። ኪሱ የተነሣበት ቦታ ሳይደበዝዝ ጠቁሮ ይታያል፤ ጉልበቱ ነጥቶ ይታያል። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶባት በፈረንጅ 1942 የሥራ ልብሱን ቀድዳ ኩዊልት ሰፋችበት። እነዚያ ኩዊልቶች በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ ሄዱ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አተማቸው።

«ቴምብር ላይ?» አሉ አማቴ። እስከዚያ ድረስ ሙዚየሙም ሂውስተኑም ከቁብ አልገባላቸውም ነበር። «በእኛ ጊዜ ቴምብር ላይ የሚወጡት ጃንሆይ ነበሩ።»

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ሁለተኛዋን ምስክር ጠራች። ሐሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን በጨርቅ ሰፋችው፤ አዳምና ሔዋን፣ የያዕቆብ መሰላል፣ ይሁዳ ከሠላሳ ብሩ ጋር፣ ስቅለት፣ ሁሉም በየክፍሉ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። በ1886 አቴንስ በምትባለው የጆርጂያ ከተማ ለትርኢት ስታቀርበው አንዲት የሥዕል አስተማሪ ካልገዛሁ አለች፤ ሐሪየት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኑሮ ሲከብድ ራሷ ይዛው ሄደች። አሥር ዶላር ጠየቀች፤ አምስት ተሰጣት። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች ኩዊልቷን ትጠይቀው ነበር፤ እንደ ታመመ ዘመድ። ዛሬ ያ ጨርቅ ከእኛ ቤት በባቡር የሚደረስበት ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው።

አማቴ ይሁዳ ከነብሩ መሰፋቱን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ። አምስቱ ዶላር ጋ ሲደርሱ ግን ተቆጡ። በልባቸው ወደ ብር አባዙት፤ በዛሬውም ምንዛሬ አልሞላ አላቸው። «ያዕቆብን ከነመሰላሉ በአምስት ዶላር!» እያሉ ሁለት ቀን አዘኑ። ከዚያ ወዲያ ድሪቶ የሚለውን ቃል አላነሡም፤ «የእጅ ሥራሽ» ማለት ጀመሩ።

የእጅ ሥራው አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት ልጃችን ናት። ባለቤቴ ገና ነፍሰ ጡር ሳለች የጀመረችላት ኩዊልት አለ። ሎግ ካቢን የሚሉት ዓይነት ነው፤ መሀል ላይ ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን ትቀመጥና ዙሪያዋን ቀጫጭን ቁራጮች እየዞሩ ይሰፋሉ፤ ግማሹ ጎን ፈዛዛ፣ ግማሹ ደማቅ። ቀይዋ የቤት ምድጃ ናት ይላሉ፤ ቁራጮቹ ግንድ በግንድ ላይ የሚነባበርበት ግድግዳ። የታሰበው ለሕፃን አልጋ ነበር። የሕፃን ፍራሽ እዚህ አገር 28 በ52 ኢንች ገደማ ነው። ልጅቷ ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ጥርሷን ነቀለች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ኩዊልቱ ሣጥን ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የዶርም አልጋ ደግሞ 38 በ80 ኢንች ነው። እሱን ለማልበስና በጎን ትንሽ ለማንጠልጠል 12 ኢንች ብሎክ አምስት በሰባት፣ 35 ያስፈልጋል፤ ዙሪያውን ጠርዝ ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል። ከግማሽ በላዩ ተሰፍቶ ተገኘ።

ተሰፍቶ ተገኘ እንጂ ተስማምቶ አልተገኘም። ብሎኮቹ የተሰፉት በተለያየ ዘመን ነው። መጀመሪያዎቹ በእጅ፣ በእርግዝናው ጊዜ፤ ቀጥሎ ያሉት ከሰው በተገዛች አሮጌ ሲንጀር፤ መጨረሻዎቹ እንደ አውሮፕላን መብራቷ በሚበዛ አዲስ መኪና። በወለሉ ላይ ጎን ለጎን ስንደረድራቸው አንዱ 12 ሞላ፣ አንዱ ሩብ ኢንች ጎደለ፣ አንዱ ሩብ ተረፈ። ነገሩ የሒሳብ ነው፤ መምህርቷ በወረቀት አስረድተውናል። በእያንዳንዱ ስፌት የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም እዚህ ግባ የማትባል ነገር ብትጠፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ስምንት ስፌት ያለው ብሎክ ግማሽ ኢንች አጥሮ ይገኛል። እንዳለ ቢገጣጠም ኩዊልቱ አልጋ ላይ ተኝቶ እንደ ኮረብታ ይነሣል። መድኃኒቱ አነስ ያሉትን በቀጭን ቁራጭ ዙሪያቸውን መክፈፍና ሁሉንም በአንድ ልክ መቁረጥ ነው። ትልልቆቹ ይቀነሳሉ፤ ትንንሾቹ ፍሬም ያገኛሉ። ባለቤቴ ይህ ፍትሕ አይደለም ብላ ትልልቆቹን ለመቁረጥ አንድ ምሽት ሙሉ አመነታች።

አንዳንዱ ጨርቅ ራሱ ዘመኑን ጨርሶ ነበር። አሮጌ ጨርቅን የሚፈትኑት በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዘው ጠበቅ አድርገው በመሳብ ነው፤ ቀጭ ካለ፣ ነፍስ ይማር። ቀይ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹበታል፤ ነጩ ከቀላ፣ ሳይታጠብ ከማንም ጋር አይሰፋም። የአክስቷ ሽርጥ ሁለቱንም ፈተና አለፈ። የመጋረጃው ፀሐይ የመታው ወገን ወደቀ፤ ጥላ የነበረው ወገን አለፈ። በዚህ መሀል አንድ ባለ ሰማያዊ ጭረት ቁራጭ ያለ ፈተና ወደ ስፌት ሲገባ አየሁና ጠጋ ብዬ ተመለከትኩ። ሸሚዜ ነው። ጠፋ ብዬ ስፈልገው የከረምኩት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምለብሰው። «ኮሌታው አልቆ ነበር» አለች ባለቤቴ ቀና ሳትል። ኮሌታው ኩዊልት ላይ አይሰፋም ብዬ ልከራከር አሰብኩና የአማቴን ፊት አይቼ ተውኩት።

ብሎክ ለመሙላት «ሌላ» የሚለው ሣጥን ሲገለበጥ ነው ዋናው ነገር የወጣው። ከታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አረንጓዴ መደብ ላይ ትንንሽ ብርቱካንማ አበባ የተረጨበት ፖፕሊን፤ አራት ክንድ ያህል ብትን ጨርቅ። መቀስ አልነካውም። የመታጠፊያው መስመር እንኳ እንደ ሱቁ ነው። አማቴ ገና ከሩቅ አወቁት።

«ይኼ የኔ ጨርቅ አይደለም? መርካቶ ገዝቼ በሰው እጅ የላኩልሽ?»

«ነው እማዬ።»

«ቀሚስ አሰፊበት ብዬ አልነበር?»

«ለደግ ቀን ብዬ አስቀምጬው ነው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ደግ ቀን ጠፋ? አላገባሽም? አልወለድሽም?»

ባለቤቴ መልስ አጣች። እኔ ጣልቃ መግባት አልነበረብኝም፤ ግን አማች ደፋር ነው። «እማዬ፣ የእርስዎስ ያ ከፋይ?» አልኩ። አዲስ አበባ መኝታ ቤታቸው ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ናፍታሊን ተነስንሶበት፣ ለሰርጋቸው የተሰጣቸው ወይን ጠጅ ከፋይ እንዳለ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። በየዓመቱ ፀሐይ ይመታል፤ ይታጠፋል፤ ይመለሳል።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ።

ሌላ የሆነበትን ምክንያት ግን አልነገሩንም። ጨርቁን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ በመዳፋቸው አለሰለሱት፤ ጠርዙ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ጽሑፍ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ባለቤቴ እንደ ፒዛ መቁረጫ የሚሽከረከረውን ምላጭና ማስመሪያውን አመጣች። አማቴ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ያ ነገር ለጨርቅ እንደማይሆን በአንድ እይታ ፈረዱበት። ከቦርሳቸው የራሳቸውን መቀስ አወጡ። ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው፣ በስንዝር ለክተው፣ «በስመ አብ» ብለው ቆረጡት። እኚያው ሴትዮ ናቸው እንግዲህ አዲስ ጨርቅ መቆራረጥ ጥጋብ ነው ሲሉ የከረሙት። ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው፤ መምህርቷ በኋላ በማስመሪያ ቢፈትሹት ስህተት አላገኙበትም።

ፊቱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ የጉልበት ነው፤ ማለትም የእኔ ጉልበት። የሳሎኑ ዕቃ ተገፋ። ገበሩ በግልባጩ ወለሉ ላይ ተነጥፎ ዳር ዳሩ በፕላስተር ተያዘ፤ በላዩ ባዘቶው፤ በባዘቶው ላይ የተሰፋው ፊት። ከዚያ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በየአንድ ጭብጥ ርቀት መርፌ ቁልፍ ይሰካል፤ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ዳር። ጎንበስ ብዬ ስሰካ አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ፣ «እዚያ ጋ ተሸብሽቧል» ይላሉ። ተሸብሽቦ ይገኛል። ባዘቶው ግን ገርሟቸዋል። በልጅነታቸው ጥጥ ዳምጠዋል፣ በደጋን ነድፈዋል፤ ይኼኛው በአልጋ ልክ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ማሸጊያው ላይ ስፌቱ ከስንት ኢንች በላይ መራራቅ እንደሌለበት ተጽፏል፤ ካለዚያ ሲታጠብ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ይህን ተርጉሜ ሳነብላቸው፣ «ለካ ለዚህ ነው በዚህ አገር ፍራሽ አዳሽ የሚል ድምፅ የማልሰማው» አሉ።

ሦስቱን ንብርብር የሚያያይዘውን ስፌት ለሰው ከፍሎ በትልቅ መኪና ማሠራት ይቻላል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ ልጃችን ዶርም የምትገባበት ነሐሴ ደግሞ አይጠብቅም። ባለቤቴ ቤት በራሷ መኪና ገባችበት። የኩዊልቱን ግማሽ ጠቅልላ በመኪናዋ ክንድ ሥር እየገፋች፣ ሌላውን ግማሽ እኔ ከኋላ ተሸክሜ ስከተላት፣ እንደ ታቦት አጃቢ ወጥ ቤቱን ስንት ጊዜ እንደዞርን እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ጠርዙ ቀረ። ጠርዙ ሁለት ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ረጅም ጥብጣብ ነው፤ ለሁለት ይታጠፍና ፊቱ በመኪና፣ ጀርባው በእጅ ይሰፋል። አማቴ የጀርባውን ወሰዱት። ክሩ እንዳይታይ አድርገው፣ ማታ ማታ በዜና ሰዓት፣ ዙሪያውን ሁሉ ዘመዘሙት።

በዚህ መሀል የኩዊልቱ ባለቤት ከክፍል ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስትማከር፣ የዶርሙ ክፍል ቀለም ነጭና ቡና ዓይነት እንዲሆን ተስማምታ ኖሯል። ኩዊልቱን ስናሳያት ብዙ አላወራችም። የፒጃማዋን ቁራጭ አገኘች፤ የሸሚዜን ጠየቀች፤ አረንጓዴውን አበባ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ቀጥላ ግን የዘመኑን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ማሽን ውስጥ ይታጠባል?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል አለች። አማቴ በእጅ እንጂ በማሽን የሚባል ነገር የለም አሉ። ልጃችን ዶርም ውስጥ የእጅ ማጠቢያ ሳፋ እንደሌለ አስረዳች። አማቴ ሳፋውን ገዝተው እንደሚልኩ ቃል ገቡ።

ክርክሩ ወደ ጽሑፉ ተሻገረ። ኩዊልት ሲያልቅ ጀርባው ላይ ትንሽ ጨርቅ ይሰፋና ማን ለማን፣ የት፣ መቼ እንደሠራው ይጻፍበታል። የብዙ አሮጌ ኩዊልት ሠሪዎች ስም የጠፋው ይህ ስላልተደረገ ነው፤ መምህርቷ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ባለቤቴ በማይለቅ ቀለም «ለልጃችን፣ ከእናቷና ከአያቷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ» ብላ ጻፈች። ዓመቱ ላይ ተያዝን። አማቴ በራሳችን አቆጣጠር 1999 ተጀምሮ 2017 አለቀ ይባል አሉ። ልጃችን፣ «የሚያነቡት አሜሪካኖች ናቸው፤ እኔ ከመወለዴ ስምንት ዓመት በፊት እንደጀመራችሁት ይመስላቸዋል» አለች። አማቴ፣ «ታዲያ ይምሰላቸው፤ የበለጠ ያከብሩታል» አሉ። ሁለቱም አቆጣጠሮች ተጻፉ። «በእጅ ይታጠብ» በአማርኛ ተጨመረ፤ «በቀዝቃዛ ውሃ» በእንግሊዝኛ። መለያዋ ጨርቅ ፋት ኳርተር ልታክል ትንሽ ቀራት።

«የኔስ ስም?» አልኩ። ሁሉንም ብሎክ ፊቱንም ጀርባውንም የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቴም ይመስክር።

ባለቤቴ ብዕሩን አንሥታ «ተኳሽ፦ አባቷ» ልትል ስትል አማቴ እጇን ያዟት። «ኧረ ተዪ ልጄ፣ ሰው አገር ነው ያለነው! አንድ አማርኛ የሚያውቅ ፖሊስ ያነበበው እንደሆነስ?»

ተመካክረው፣ «ሸሚዝ ያዋጣ፦ አባቷ» ብለው ጻፉልኝ።